«ልጆቹ ያነሡዎታል»

ጉብኝት ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ምቹ ይሁን በተባለ ቁጥር «ታዲያ ላሊበላ ላይ ሊፍት እንግጠም?» የሚል ሰው አይጠፋም። በዊልቸር የሚንቀሳቀሱትን አክስቴን ይዤ ወደዚያው ከተጓዝኩ ወዲህ ግን፣ ቅርሱ ያለ ጥፋቱ እየተወቀሰ ነው ባይ ነኝ።

11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የተፈለፈሉ በመሆናቸው ወደ ብዙዎቹ የሚወስደው መንገድ ቦይ፣ ያልተስተካከለ ደረጃና ጠባብ ዋሻ ነው፤ ይህ ይለወጥ የሚል ጤነኛ ሰው አላውቅም። ሆኖም የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ በዙሪያው ካለው መሬት ጋር እኩል ስለሆነ፣ በላዩ ተደራርበው የተቀረጹት መስቀሎች ከሁሉ አምረው የሚታዩት ከላይ፣ ከአፋፉ ነው። አክስቴም ከዚያው ሆነው ተሳለሙ፤ ወደ ታች የወረዱት ሲመለሱም እርሳቸው ገና አልጠገቡም ነበር።

የከበደን ማረፊያው ነው። አስቀድሜ ደውዬ ስጠይቅ «ምንም ችግር የለም፣ ምድር ላይ ክፍል አለን» ተብዬ ነበር። ክፍሉ በእርግጥ ምድር ላይ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሕንፃው የሚገባው በአራት ደረጃዎች ሲሆን፣ የመታጠቢያ ቤቱ በርም ዊልቸሩን አያሳልፍም። «ልጆቹ ያነሡዎታል፣ እናቴ» አለች እንግዳ ተቀባይዋ ከልቧ። ደግነቷን አልጠራጠርም፤ ግን አንዲት ትልቅ ሴት ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የማያውቋቸውን ወጣቶች ከእንቅልፍ መቀስቀስ አለባቸው?

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሆቴል ይህ አይመለከተውም የሚል ካለ ክርክሩን ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ወጪውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም፦ በተለመደው ስሌት ለዊልቸር የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ (ራምፕ) ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልገው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን የመግቢያ ከፍታ ከሰባት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሲሚንቶ ይበቃል።

እስከዚያው ግን ያለውን በሐቅ መናገር ምንም አያስወጣም። የበሩ ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ የደረጃዎቹ ብዛትና የመታጠቢያ ቤቱ ፎቶ ቀድሞ ቢላክልኝ ኖሮ፣ ይመቻል አይመቸንም የሚለውን ከአክስቴ ጋር ተማክረን አዲስ አበባ ሳለን እንወስን ነበር።