የእናቴ ዲቪዲ

እናቴ ፊልም የምታየው በዲቪዲ ማጫወቻዋ ነው። ማጫወቻው ደግሞ ኤስአርቲ ፋይል (የግርጌ ጽሑፍ ለብቻው የሚቀመጥበትን) አያነብም። ስለዚህ የአማርኛውን የግርጌ ጽሑፍ ምስሉ ላይ አትሜ ፊልሙን ዲስክ ላይ በርን ላደርግላት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ስሞክር በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። በጣም አናደደኝ! የጽሑፉን ፋይል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ አስቀምጬ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ስመርጥ ተስተካከለ።

ከዚያ ፊልሙን ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ዲቪዲ ወደሚቀበለው ኤምፔግ-2 ቅርጸት ቀየርኩት፤ 720 በ576 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ስርዓት መለኪያ ነው። በዚህ ጥራት ትንሽ ፊደል ይደበዝዛል፣ በተለይ እንደ «ጨ» ያለው። ፊደሉን ትልቅ አደረግኩት፤ ከታችኛው ጠርዝም ከፍ አደረግኩት፣ የቆየ ቴሌቪዥን ዳር ዳሩን ይቆርጣልና። የታተመ ጽሑፍ በኋላ አይነሳም፤ ዋናውን ቪዲዮ እንዳትሰርዙት።

ዲስኩን ዲቪዲስታይለር በሚባል የዲቪዲ ማዘጋጃ ፕሮግራም አዘጋጀሁት። ትናንት ማታ እናቴ ያለ መነጽር እስከ መጨረሻው አነበበችው።