የዘይቱኑን ልጅ ከጉቶው እንዴት እንደለየሁት

ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ የነበረው አሮጌ ዘይቱን የብሎኬት አጥር ሲሠራ ተቆረጠ። ጉቶው ግን ክረምቱ ሳያልፍ ዙሪያውን አቆጠቆጠ። እንዲህ የሚያደርገው ባሕር ዛፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የዚያን ዛፍ ፍሬ አትጠግበውም፤ «ነቅለህ ጓሮ ትከለዋ!» አለችኝ።

መንቀሉማ ቀላል ነው። አፈሩን ጫር ጫር አድርጌ ሳየው ግን ከጉቶው ቅርፊት የወጣው ቀንበጥ የራሱ ሥር የለውም። እሱን ገንጥሎ መትከል ስንጥር እንደመትከል ነው። ከጉቶው ራቅ ብሎ ከሥሩ ላይ የበቀለ ቢሆን ከቁራጭ ሥሩ ጋር ቆፍሮ ማውጣት ይቻል ነበር። የኛዎቹ ሁሉም ጉቶው ላይ የተለጠፉ ናቸው።

ስለዚህ እዚያው እንዳለ ሥር እንዲያወጣ አደረግኩ። መጋቢት ላይ እርሳስ የሚያካክሉ ሁለት ቀንበጦች መርጬ ሌላውን ቆረጥኩ። ከግርጌያቸው ትንሽ ከፍ ብዬ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ስፋት፣ ቅርፊታቸውን ዙሪያውን በምላጭ ላጥኩ። እንጨቱ ላይ የሚቀረውን የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋንም መፋቅ ያስፈልጋል። አለዚያ ቅርፊቱ መልሶ ይገጥማል። ቅጠሉ የሠራው ምግብ በቅርፊት በኩል ወደ ታች መውረድ ሲያቅተው እዚያው ይጠራቀማል፤ ሥር የሚወጣውም ከዚያ ነው። ከዚያ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ ከተላጠው በላይ ድረስ ቆለልኩ። እንዳይናድ በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ከበብኩት። ልፋቱ ውሃው ላይ ነው። የሚያዝያ ፀሐይ ቁልሉን ወዲያው ነው የሚያደርቀው፤ ከደረቀ ደግሞ ሥር የለም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጸና ቁልሉን በጣቴ ፈልፈል አደረግኩ። ከተላጠው ጠርዝ በላይ ነጫጭ ሥሮች ወጥተዋል። ሲነኩ ቀጭ ይላሉ። ከነሱ በታች በመጋዝ ቆርጬ ከነአፈራቸው አነሳኋቸው። ያ ትንሽ ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ስለማይችል ቅጠሉን በግማሽ ቀነስኩ። አንዱን ጓሮ ተከልኩ፤ ሥሩ ወደ አንድ ወገን ስላደላ በእንጨት ደገፍኩት፣ ግርጌውንም ሣር ጎዘጎዝኩለት። ሌላውን እህቴ ወሰደችው።

የኛ ዘይቱን ከፍሬ የበቀለ ስለሆነ ልጁም ያው እሱ ነው። ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም ቀንበጡ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጋጠመ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ ወይም ብርቱካን ከሆነ ግን ቀንበጡ ከየት እንደወጣ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ከተጋጠመበት በታች ከወጣ የሚያፈራው የለመድነውን ፍሬ አይደለም።