እግዚአብሔር ይማርህ

የፌስታሉ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሿ፣ ሿ፣ ሿ። አንዲት አረጋዊት ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ከኋላዬ መጡ፣ ደረሱብኝ፣ አለፉኝ። እኔ እየሮጥኩ ነበር።

እርግጥ ሩጫ ማለት ይበዛበታል። ዕድሜዬ 42 ነው፤ ከ220 ላይ ሲቀነስ 178 ይቀራል፤ የልቤ ከፍተኛ ምት ይኸው ነው ተባልኩ። (እኩያሞች ሁሉ አንድ ልብ የታደላቸው ይመስል! በአንድ ዓመት በተወለዱ ሰዎች መካከል ከአሥር ምት በላይ ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው።) የዚህ ቁጥር ከ60 እስከ 70 በመቶው ዞን ሁለት ይባላል፤ ለእኔ ከ107 እስከ 125 መሆኑ ነው። ትንፋሽ ሳያጥር እያወሩ የሚሮጡበት ልክ ነው። ከዚያ ሳልፍ እንዲጮኽብኝ አዲሱን ሰዓቴን አዘዝኩት።

ጮኸ። 168። እርምጃዬን አሳጠርኩ፤ 166። ደግሞ አሳጠርኩ፤ 168። ሴትዮዋ ያለፉኝ በዚህ መሀል ነው።

ፌስታሉ ባዶ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። ጢም ብሎ ሞልቷል። እንዲያውም አንዱ ማንጠልጠያው ተበጠሰና ሴትዮዋ ቆመው ቋጠሩት። ቋጠሮው አላማራቸውም፤ ፈትተው እንደገና ቋጠሩት። ያም ሆኖ አልደረስኩባቸውም።

የሄዱበትን ጨርሰው ሲመለሱ እኔ ያው እዚያው አካባቢ ነኝ። ፌስታሉ አሁን ባዶ ነው፤ ድምፁ ግን ብሶበታል።

"አይዞህ ልጄ፣ ከአልጋ ከተነሣህ ስንተኛ ቀንህ ነው?"

ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ስለነበር የሰማሁት "ስንተኛ" የሚለውን ብቻ ነው።

"ሁለተኛው" አልኳቸው።

"በሁለተኛው ቀን እንዲህ መራመድ! ጎበዝ! እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርህ።"

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ከሄዱ በኋላ ነው ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የቆጠርኩት። በ15 ሰከንድ 28፤ በአራት ሲባዛ 112። ሰዓቱ አሁንም 168 ይላል። የእግሬን ኮቴ ቆጠርኩ፤ በ15 ሰከንድ 42። ሰዓቱ ለካ እርምጃዬን ሲቆጥር ኖሯል! የደም ፍሰቱን የሚያየው ከሥሩ በሚያበራው አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ማሰሪያው ከላላ የክንድ ውዝዋዜ የልብ ምት ይመስለዋል። ያላላሁት ራሴ ነኝ፣ ክንዴ ላይ ምልክት ይተውብኛል ብዬ። ግን ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የተገዛ ሰዓት እግርን ከልብ መለየት ያቅተዋል? ይባስ ብሎ ስጨርስ "ከባድ ልምምድ ነበር፤ ለሁለት ቀን ይረፉ" አለኝ። እሱም አስታማሚ ሆነብኝ።

በማግሥቱ ማሰሪያውን አጥብቄ ወጣሁ። 114፣ 117፣ 116። ሰላም ነው። ድንገት ከኋላዬ ሿ፣ ሿ፣ ሿ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሰዓቱ ጮኸ። 139። በዚህ ጊዜ የቆጠረው እግሬን አልነበረም።