ኮምቦልቻ ባርማን ሆኜ የተቀጠርኩበት መንገድ (ሲቪ ከመበተናችሁ በፊት ተያዥ ፈልጉ)

ባርማን ለመሆን ኮክቴል ማወቅ የግድ ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው። ደሴም ኮምቦልቻም ሞሂቶ ብሎ የሚያዝ ሰው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። የሚወጣው ድራፍት ነው፣ ጠርሙስ ቢራ ነው፣ ጂን በመለኪያ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ትንሽ ውስኪ። አንድ ጓደኛዬ መጀመሪያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት) ልያዝ ብሎ ኮሌጅ ገባ፣ እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ግሮሰሪ ብርጭቆ አጥቢ ሆኜ ገባሁ፣ ባርማኑ ሲጋራ ሊያጨስ በወጣ ቁጥር የምቀዳው እኔ ነበርኩ፣ ልምድ የምለው ያ ብቻ ነው። ወረቀቱ አይጠቅምም አላልኩም፣ ትልልቅ ሆቴሎች ይጠይቁታል፣ ግን ለመጀመሪያ ሥራ ከወረቀቱ ብርጭቆው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሲቪ አንድ ገጽ ይበቃል። በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ማናጀሩን ራሱን አናግሩ። በሁዳዴና በረመዳን ግን አትልፉ፣ ያኔ ቤቱ ጭር ስለሚል ያለውንም ሠራተኛ እረፍት ውጣ ነው የሚሉት። ፋሲካ ሲቃረብ ወይ የጥር ሰርግ ሳይገባ ነው ሰው የሚፈለገው። ደላላ ደግሞ ከመጀመሪያ ደመወዝህ እቆርጣለሁ ይላችኋል፣ እኔ አልሰጠሁም።

የሙከራው ቀን የኮምቦልቻው ሆቴል ማናጀር ምንም ሳይጠይቀኝ «እስቲ ጃምቦ ቅዳ» አለኝ። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ፣ ዘመም አድርጌ ይዤ፣ ቧንቧውን ባንዴ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ፈርቶ ግማሽ የሚከፍት ሰው አረፋ ነው የሚቀዳው። ሊሞላ ሲል ብርጭቆውን ቀጥ አደረግኩት፣ ሁለት ጣት የማይሞላ አረፋ ቀረ፣ የቧንቧው አፍ ቢራው ውስጥ አልገባም። ጎንበስ ብሎ አየና ጠጣው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብላ ሞቃት ናት፣ በርሜሉ ካልቀዘቀዘ ጋዙን ብታስተካክሉትም አረፋው አይለቃችሁም፣ ይሄን ደሴ ሆኜ አላውቀውም ነበር፣ የማሽን ጥገና የሚመጣው ልጅ ነው ያሳየኝ። ቢራ ፋብሪካው እዛው ከተማው ውስጥ ስላለ ስለ ድራፍት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፣ ጠይቁ።

«ነገ ግባ፣ ተያዥህን ይዘህ ና» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ፣ አለቀ ብዬ።

ያላለቀው እዚህ ጋ ነው።

ተያዥ ማለት ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዝ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ይሄ ሰው የኛ ነው፣ ደመወዙ ይሄን ያህል ነው፣ ለሌላ ሰው ዋስ አልሆነም፣ ከለቀቀም እናሳውቃለን ብሎ ማህተም የሚመታለት ሰው ነው። ነጋዴ አይሆንም። ሁለት ሱቅ ያለው አጎቴን አልቀበልም ብለውኛል! የቀረችኝ ደሴ ጤና ጣቢያ የምትሠራው አክስቴ ናት። እሷ ምን አለች፣ ባትጠጣም ባትወደውም «ልጄ ሥራ ሥራ ነው» ብላ ተነሳች።

የሰው ሀብት ቢሮ ሄድን። ሰውየው ወረቀቱን ሳያነብ፣ «ሲስተር፣ ደብዳቤ የምንጽፈው ቀጣሪው በደብዳቤ ሲጠይቀን ነው» አላት። እሺ፣ የደሴ ኮምቦልቻውን ዳገት ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ። ማናጀሩ ደግሞ፣ «ገና ላልቀጠርነው ሰው ምን ብለን እንጽፋለን? ተያዥህን አምጣና ትቀጠራለህ» አለኝ። ተመልሼ ሀረጎን ወጣሁ። ሰውየው ፍንክች አላለም፣ በስንት ልመና «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ጻፈልኝና ማህተሙ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው አለኝ፣ ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ፣ ከሰዓት ስንመለስ መስክ ወጥተዋል፣ በነጋታው ስንመጣ ደግሞ ስብሰባ። የኔ ነገር እንኳ ይቅር፣ አክስቴ ታካሚ ጥላ ነበር የምትመጣው።

በመጨረሻ ማህተሙ ሲመታ ሰውየው ኮሪደር ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ለመጠጥ ቤት መሆኑን አውቀሽዋል አይደል? ልጁ ቢያጎድል ከደመወዝሽ ነው የሚቆረጠው» አላት። አክስቴ ቦርሳዋን እያነገተች፣ «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ቢያጎድል እኔው እገርፈዋለሁ፣ አንተ ማህተምህን ምታ» አለችው። ለሷ ስል ዝም አልኩ እንጂ አሁንም ሲያልፍ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ደብዳቤውን ይዤ በረርኩ። ማናጀሩ አንዴ አየውና «ለሚመለከተው ሁሉ አንቀበልም፣ በሆቴሉ ስም ይጻፍ» ብሎ መለሰልኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ምን እንደምሆን ግራ ሲገባኝ የሆቴሉ አካውንታንት አየችኝ። «ምን ሆነህ ነው?» አለች፣ ነገርኳት። ኮምፒውተሯ ላይ እከሌ የተባለውን ልጅ ለመቅጠር ስለፈለግን የተያዡ የሥራ ሁኔታ ይገለጽልን ብላ ጻፈች፣ ፕሪንት አደረገች፣ ማህተም መታች። ሁለት መስመር! ያ ሁሉ ምልልስ ለሁለት መስመር። ማናጀሩ አጠገቧ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ቃል አልተነፈሰም። ስለዚህ ማናጀር አትለምኑ፣ ሙከራውን ያለፋችሁ ዕለት ቀጥታ አካውንታንቷ ጋ ገብታችሁ የጥያቄ ደብዳቤ ያዙ፣ ተያዣችሁ ደግሞ ለሌላ ሰው ፈርሞ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ከዛ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የጤና ምርመራ አደረግኩ፣ ፎቶ ሰጠሁ፣ ፈረምኩ። ግን ፎርሙን አንብባችሁ ፈርሙ። «የጎደለው ሁሉ ይቆረጣል» የሚል ነገር ይኖረዋል፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ ወይም ራሳችሁ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ በቀር ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም፣ ሲቆረጥም ባንዴ ከወር ደመወዝ ከሲሶ አያልፍም። የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ይሄን ስታነሱ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ይጥቆር።

ርክክብ ላይ አትቸኩሉ። ቢራውን በሳጥን ቆጥራችሁ ብቻ አትቀበሉ፣ 24ቱንም ቁጠሩ፣ ባዶ ጠርሙሱንም ጭምር፣ የተሰበረ ባዶ ይከፈላል። የተከፈተ ጂን ካለ ልኩን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩበት። 750 ሚሊ ጠርሙስ በ30 ሚሊ መለኪያ 25 ይወጣዋል ብለው ነው የሚያስቡላችሁ፣ እጃችሁ ትንሽ ከዘነበለ ሃያ አራተኛው ላይ ያልቅና ልዩነቱ የናንተ ነው። ለወዳጅ ጨመር ማድረግ የሚባለውን በባለቤቱ ጠርሙስ አትሞክሩት። ልጅ እግር ሲመጣ ደግሞ መታወቂያ ጠይቁ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፣ ማናጀሩ ቅዳለት ቢልም።

ቤት ኮምቦልቻ ተከራዩ። ማታ ዘግታችሁ ስትወጡ ወደ ደሴ ሚኒባስ የለም፣ ኮንትራት መኪና ከያዛችሁ የዕለቱ ጉርሻ እዛው ነው የሚያልቀው። ሥራ ስትለቁ ደግሞ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) ተቀብላችሁ ኮፒውን ተያዣችሁ መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ራሳችሁ አስገቡ፣ ሆቴሉ ይልካል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ካልገባ ተያዣችሁ ለገዛ ልጁ እንኳ ተያዥ መሆን አይችልም።