ኢስታንቡል፦ ሲምባል ፍለጋ

ከኤርፖርት ያመጣኝ ታክሲ ሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ዋጋውን በአፉ ቆረጠ። በኋላ ስጠያይቅ እጥፍ ነው የከፈልኩት። ሆቴሉም አልካሰኝም። ከክፍሌ ሥር ያለው ቡና ቤት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባንድ ያስጫውታል። እኔ ራሴ ድራመር ነኝ፤ ጫጫታ አይከብደኝም። ቴምፖ የማይጠብቅ ድራመር እየሰሙ መተኛት ግን ቅጣት ነው።

አያ ሶፍያን አየሁ፣ በጀልባ ተሻገርኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። እሱን ብዙ ሰው ጽፎታል።

የሄድኩበት ጉዳይ፣ ከድራም ጋር በዱላ የሚመታው የነሐስ ሳህን ሲምባል፣ ያለው ጋሊፕ ዴዴ ጎዳና ላይ ነው። ከጋላታ ግንብ ወደ ቱኔል የሚወጣ ዳገት ነው፤ ግራ ቀኙ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ። አንዱ ባለሱቅ ሻይ አስመጣልኝና ያሻኝን እንድመታ ለቀቀኝ። ሁለት ባለ 20 ኢንች ራይድ (ምቱ ሳይቋረጥ የሚመታበት ትልቁ ሲምባል) አነሳሁ። ሞዴላቸው አንድ፣ ዋጋቸው አንድ፣ ሁለቱም ከ300 ዶላር በላይ። አንዱ ጥርት ብሎ ይጮህና ቶሎ ይደርቃል። ሌላው ወፈር ያለ፣ ሻከር ያለ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ለምን ብዬ ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም፤ ስልኩን አንስቶ ከከተማው ዳር ላለ ወርክሾፕ ደወለልኝ።

ወርክሾፑ ሄድኩ። ሲምባሉ የሚሠራበት ቅይጥ 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ቆርቆሮ (ቲን) ነው። ድምፁ ያምራል፤ ጠባዩ ግን ክፉ ነው። ቀዝቅዞ ከተደበደበ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምድጃ ይገባል፣ በማሽን ይዳመጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ደጋግመው እንዲህ ያሳሱታል። ከዚያ ግሎ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቢላ ቢሆን ይጠነክር ነበር፤ ይሄ ግን ይለሰልሳል። ከውሃው የወጣው ጥቁር ነው።

መዶሻ የያዙት ሽማግሌ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ሲምባሉን ያዞራሉ፣ በቀኝ ይመታሉ። በኖራ ያሰመሩት ነገር የለም። አንዱ ምት ይጠልቃል፣ አንዱ ይሳሳል። የሁለቱ ራይዶች ልዩነት እዚያው ተገለጠልኝ። ጩኸቱ ምናለሽ ተራ የገባሁ ነው ያስመሰለው። ቀጥሎ ያለው ልጅ በማሽን እያሽከረከረ በስለት ሲፍቀው፣ ጥቁሩ ቆዳ ይላጥና ወርቃማው ይወጣል። ፍቅፋቂው የክንዱ ፀጉር ላይ ያብለጨልጫል።

ሙያው የአርመኖች ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አቬዲስ የሚባል የኢስታንቡል አርመን የቤተሰቡን ሥራ ጀመረ፤ ዚልጂያን የሚለው የሲምባል ስም ከዚያ ነው። በእ.ኤ.አ. 1929 አንደኛው የቤተሰቡ ወገን ማሳቹሴትስ ላይ ፋብሪካ ከፈተ። እዚህ የቀረው ፋብሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲዘጋ፣ እዚያው ያደጉት መህመትና አጎፕ የራሳቸውን ከፈቱ። አጎፕ በ1996 ሲሞት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የአርመንና የሙዚቃ ነገር ለአዲስ አበባ ሰውም እንግዳ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ሙዚቀኛ ልጆች ማን ይረሳል?

ተመልሼ ሻካራውን ገዛሁ። ዋጋ አስቀንሳለሁ ብዬ ብዙ ለፈለፍኩ። ሰውየው ሳቀ እንጂ አልቀነሰም፤ ቦርሳውን ግን በነፃ ጨመረልኝ። ኤርፖርት ላይ ከሻንጣ ጋር ካልጫንከው ብለው ሲጨቃጨቁኝ እምቢ አልኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከወንበሬ በላይ ያለው ሣጥን ውስጥ አልገባ ሲል አንዷ ሆስተስ ተቀብላ ካፖርት የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ውስጥ አቆመችልኝ። «ምንድን ነው?» አለችኝ። ሲምባል ስላት «ይሄን ለመግዛት ብቻ ነው የመጣኸው?» ብላ ሳቀችብኝ።