ችካል ያልተተከለበት መስመር

የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር በተነሳ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደ አንድ ሲቆጠሩ አያለሁ። አንደኛው መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ መበየን ነው፤ ይህ በሄግ በተቀመጠ የዳኞች ኮሚሽን ተጠናቋል። ሁለተኛው መሬት ላይ ወርዶ ችካል መትከል ነው፤ ይህ ዛሬም አልተሠራም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጦርነቱ ግንቦት 1998 ባድመ ላይ ተነሳ። መለስ ዜናዊና ኢሳያስ አፈወርቂ ታኅሣሥ 12 ቀን 2000 አልጀርስ ላይ ሲፈርሙ፣ በሰር ኤሊሁ ላውተርፓክት የሚመራ 5 አባላት ያሉት የድንበር ኮሚሽን እንዲቋቋም ተስማሙ። ውሳኔው ይግባኝ የለውም ተባለ። ከዚህም አልፎ፣ ዳኞቹ በ1900፣ በ1902 እና በ1908 ውሎች እንዲሁም በዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ እንዲፈርዱ ታዘዙ፤ ርትዕን አይተው፣ ለሁለቱ የሚበጀውን አመዛዝነው መወሰን በግልጽ ተከለከሉ። የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህች አንቀጽ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። በመንደር መሀል ያለፈን መስመር ትንሽ ገፋ ለማድረግ እንኳ የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ አይነጋገሩም።

ውሎቹም የምኒልክና የጣሊያን ዘመን ወረቀቶች ናቸው። የ1900ው በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች ይሄዳል፤ ችግሩ የቱ ገባር የትኛው ስም እንዳለው አሮጌው ካርታና መሬቱ አለመገጣጠማቸው ነው። የ1908ቱ በአፋር በኩል ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገብቶ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይጓዛል፤ ሰው ይኑር አይኑር አይጠይቅም። የ1902ቱ ኩናማዎች ወደ ኤርትራ እንዲሆኑ ይልና በሰቲትና በመረብ መካከል ያለውን ያወሳስበዋል። ኮሚሽኑ እዚያ ላይ ከወንዝ እስከ ወንዝ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ባድመ ከመስመሩ በስተምዕራብ፣ ኤርትራ ውስጥ ቀረች።

ሚያዝያ 13 ቀን 2002 የወጣው ብያኔ ግን ባድመ የት እንደወደቀች በስም አልጠቀሰም፤ የሰጠው የመጋጠሚያ ነጥቦችን ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ ተወሰነች ብለው አወጁ። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ያሳረፈ ሰው ሌላ ነገር ያይ ነበር። ልጆቹን ለዚያች መሬት የገበረ ሕዝብ የምሥራች ተነግሮት ተቃራኒውን በኋላ መስማቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መስከረም 2003 መለስ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጻፉት ደብዳቤ ውሳኔውን ሕገ ወጥና ፍትሕ የጎደለው አሉት።

ችካል ለመትከል የአየር ፎቶግራፍና ካርታ ይዘጋጃል፣ እያንዳንዱ የችካል ቦታ በቀያሾች ይለያል፣ ፈንጂ ይጸዳል፣ ሁለቱም ወገኖች አገናኝ መኮንን ይመድባሉ፣ ለቀያሾቹ ጥበቃ ይቆማል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል፤ ኢትዮጵያ ስትከለክል ቆመ። ኤርትራ በበኩሏ በጥቅምት 2005 በድንበሩ የሰፈረውን የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ሄሊኮፕተሮች ከበረራ አገደች። ኃይሉ የሚጠብቀውን 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የፀጥታ ቀጠና በእግርና በመኪና ብቻ መቃኘት አይቻልም፤ በኋላም ነዳጅ ተነፈገውና ተልእኮው ሐምሌ 2008 አበቃ። ኮሚሽኑማ ቀደም ብሎ በኅዳር 2007 ነጥቦቹን በወረቀት ዘርዝሮ፣ ድንበሩ ተካልሏል ብሎ ሄዶ ነበር።

ሐምሌ 2018 በአሥመራ የተፈረመው ባለ 5 ነጥብ መግለጫ የድንበሩ ውሳኔ ይተገበራል ይላል። መቼ፣ በማን፣ የተከፈሉት ቀበሌዎች ሰው ምን ይሆናል፣ አይልም። መስከረም ላይ የድንበር መተላለፊያዎቹ ዛላምበሳና ቡሬ ሲከፈቱ ተለያይተው የኖሩ ቤተሰቦች ተላቅሰው ተቃቀፉ፤ ዓመት ሳይሞላ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ቪዛው፣ ቀረጡ፣ የገንዘብ ምንዛሪው በየትኛው ሕግ እንደሚሠራ የተጻፈ ነገር አልነበረማ።

ኅዳር 2022 የትግራይን ጦርነት የሚያስቆመው ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም ኤርትራ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። በትግራይ ድንበር ላይ ባለው ኢሮብ ውስጥ፣ መስመሩ ለሁለት በከፈለው አገር፣ ገበሬው የአያቱን እርሻ በየትኛው መንግሥት መታወቂያ እንደሚያርስ የሚነግረው ሰው እስካሁን አላገኘም።