በአንድ ጥንድ ቦት ጫማ የተመራ ንባብ

ለንባብ ክበባችን ወጣቶች፣ ከትምህርት ቤት ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለዘመቱ ጀርመናውያን ልጆች የሚተርከውን የኤሪክ ማሪያ ሬማርክን ልቦለድ «በምዕራብ ግንባር ምንም አዲስ ነገር የለም»ን ስመርጥ፣ ውይይቱን ከውጊያው እንደማልጀምር ወስኜ ነበር። ስለ መድፍና ስለ መርዝ ጋዝ ሲነበብ ሁሉም ይዘገንነዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። እኔ የፈለግሁት የእነዚያ ልጆች ልጅነት በየት በኩል ሾልኮ እንደወጣ እንድናይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የምግብ ትዕይንት ጮክ ብለን አነበብን። ለ150 ሰው ምግብ ተሠርቷል፤ ከግንባር የተመለሱት 80 ናቸው። ወታደሮቹ የቀሪዎቹን ድርሻ ጭምር ካላወጣህ ብለው ከወጥ ቤቱ ጋር ይሟገታሉ፤ በመጨረሻም ጠግበው በልተው ደስ ይላቸዋል። ክርክሩ አንባቢዎቹን አስቋቸዋል። «70ዎቹስ?» ስል አንዲት ልጅ ገጹን መልሳ ገለጠች።

ቀጥለን ቦት ጫማውን ተከተልን። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ኬመሪሽ፣ እግሩ ተቆርጦ ሊሞት እያጣጣረ ነው፤ ዕድሜው ገና ሃያ አልሞላም። ጓደኛው ሙለር ግን ለስላሳውን ቢጫ ቆዳ ጫማ እንዲተውለት ይጠይቀዋል። ብዙዎቹ «ጨካኝ!» አሉ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ሙለር የትምህርት ቤት መጽሐፉን ይዞ የዘመተ፣ ከባድ መሣሪያ እየወረደበት የፊዚክስ ሕግ የሚያነበንብ ልጅ ነው። ጫማው ኬመሪሽን የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ሙለር በባዶ እግሩ በእሾህ ሽቦ ላይ ይሄድ እንደነበር ተራኪው ፓውል ይመሰክርለታል። ስሌቱ አንድም ስሕተት የለበትም፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝም ይኸው ነው። ሙለር ሲሞት ጫማው ለፓውል ደረሰ፤ እርሱም በተራው ለሌላው ጓደኛቸው ለቻደን ቃል ገባ።

ሬማርክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1916 ለውትድርና ተጠርቶ በ1917 የቆሰለ መሆኑን የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው። የደራሲው ታሪክ ቀድሞ ሲነገር ልጆች ልቦለዱን እንደ ማስረጃ ሰነድ እንደሚያነቡት አይቻለሁ።

ረጅሙን ሰዓት የወሰደብን የፓውል የዕረፍት ፈቃድ ነበር። የኬመሪሽ እናት ልጇ እንዴት እንደሞተ ትጠይቀዋለች። ወዲያው ነው የሞተው፣ አልተሠቃየም ይላታል። ማል ስትለው፣ እውነት ካልሆነ አልመለስ ብሎ ይምላል። ከልጆቹ ግማሾቹ በሐሰት መማሉን ኀጢአት አሉት፤ ግማሾቹ ምሕረት። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ጦርነቱ ለመሐላ የነበረውን ፍርሃት ወስዶበታል፤ ለእናቲቱ ማዘኑን ግን አልወሰደበትም። ይህን ስናገር አንድ ተማሪ አልተቀበለኝም፦ ፓውል የማለው ከአዘኔታ ሳይሆን ሴትዮዋ ቶሎ እንድትለቀው ነው አለ። ገጹን እንደገና አነበብነው፤ የእርሱም ንባብ ያስኬዳል።